ተላላፊ በሽታዎች ዋርድ ስትገቡ በር ላይ ትታችኋቸው የምትገቡ ሐሳቦች

የሕክምና ተማሪዎች ወደ ተላላፊ በሽታዎች ዋርድ ሲመደቡ ይዘዋቸው የሚመጡ የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። አንዳንዶቹ ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩበት ጊዜ) ላይ ያሳፍራሉ፤ ሌሎቹ ሰው ይጎዳሉ።

«የባክቴሪያና የመድኃኒት ስም ከሸመደድኩ ይበቃል።»
አይበቃም። ስሙ ስልክ ላይም ይገኛል። ስልክ ላይ የማይገኘው የታካሚው ታሪክ ነው። በቅርቡ የት ሄዶ ነበር? ከእንስሳ ጋር ይውላል? ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ከመምጣቱ በፊት አንቲባዮቲክ ወስዷል? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። መድኃኒት ጀምሮ የመጣ ሰው ኢንፌክሽን እያለበትም የደም ካልቸሩ (ባክቴሪያ ካለ እንዲበቅል ተደርጎ የሚታይበት ምርመራ) ምንም ላያሳይ ይችላል።

«ካልቸር ላይ ባክቴሪያ ከበቀለ መታከም አለበት።»
ሁልጊዜ አይደለም። የቆዳ ባክቴሪያ ደም ሲቀዳ ናሙናው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቶ ምንም ምልክት የሌለው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ነፍሰ ጡር ግን ትታከማለች።

«ጓንት ካደረግኩ መታጠብ ምን ያደርጋል?»
ጓንት ሳይታወቅ ይቀደዳል፤ ሲወልቅም እጅ ይበክላል። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን ከመረመሩ በኋላ እናቶችን ሊያዋልዱ እንደሚገቡ አስተዋለ። እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ አደረገ። 18 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የእናቶች ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 በመቶ ወረደ። ያኔ ጓንት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ዛሬም ያው ነው።

«ታካሚ ላይ የዋለ መርፌ ቢወጋኝ ዝም ብል ይሻላል።»
ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ተማሪው ሲኒየሩ እንዳይቆጣው ይፈራና ይደብቃል። ቢቆጣም ይቆጣ! ቦታውን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ አትጭመቁት፤ ወዲያው ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ኤችአይቪ ካለበት ሰው ደም በመርፌ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ሰው 3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሁሉም ኤችአይቪን ይፈራል፤ ክትባት ያለውን በሽታ ግን ይረሳዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ራውንድ ሳይደርስ የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁን ጨርሱ፤ ከጨረሳችሁ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ መከላከያው ሰውነታችሁ ውስጥ መፈጠሩን በደም ምርመራ አረጋግጡ።