ለ1 ሊትር ዘይት ስንት ግራም ሶዳ?

ከጃትሮፋ (ለአጥር የሚተከል ባለ ዘይት ፍሬ ተክል) ባዮዲዝል፣ ማለትም የናፍጣ ምትክ ነዳጅ፣ ለመሥራት ለ1 ሊትር ዘይት አንዱ 5 ግራም ሶዳ ይላል፣ ሌላው 7። ሁለቱም ለየራሳቸው ዘይት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

የማይለወጠው መነሻ 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ነው (የዳቦ ሶዳ አይደለም፤ እሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም)። የሚለያየው የዘይቱን አሲድ ለማርከስ የሚጨመረው ነው። ከባቲ አጥር ደርቆ ተለቅሞ ቶሎ የተጨመቀ ፍሬ አሲዱ ትንሽ ነው፤ ክረምቱን በእርጥብ ጆንያ የከረመው ግን ብዙ ይኖረዋል። ስለዚህ የጎረቤትን ልክ መቅዳት አያዋጣም።

ልኩ የሚገኘው እንዲህ ነው። 1 ግራም ሶዳ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟ። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ከ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ጋር ተቀላቅሎ ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚያሳይ ፈሳሽ) ይጨመርበት። ከዚያ የሶዳውን ውሃ በመርፌ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማወዛወዝ ነው። ሐምራዊው ብልጭ ብሎ ቢጠፋ ገና ነው፤ ለ10 ሰከንድ ያህል ሲቆይ ያቁሙ።

የፈጀው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር የሶዳ ውሃ ለ1 ሊትር ዘይት 1 ግራም ተጨማሪ ሶዳ ማለት ነው፤ 2 ሚሊ ሊትር ከፈጀ፣ 3.5 ሲደመር 2፣ 5.5 ግራም። ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ ከፈጀ ግን ሶዳ መጨመር ሳሙና ማብዛት ነው፤ ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ተረፈ ምርት፣ ግሊሰሪኑም፣ አይለይም። እንዲህ ያለው ዘይት መጀመሪያ በሰልፈሪክ አሲድና በሜታኖል መታከም አለበት።

በኮስቲክ ሶዳ ፈንታ በፖታሽ (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) የሚሠራ ሰው እነዚህን ቁጥሮች አይጠቀም፤ መነሻውም መለኪያውም ሌላ ነው።