የመረጃ ጅረትን መጠየቅና ከጅረቱ ድምዳሜ ማውጣት ምንድን ነው?

በግልገል አባይ ላይ ካሉት ድልድዮች በአንዱ አጠገብ፣ በሜትርና በሴንቲሜትር የተከፋፈለ የውኃ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳ ውኃው ውስጥ ቆሟል። በአቅራቢያው የሚኖሩ አንድ አባት ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወደ ዳሩ ወርደው ውኃው የደረሰበትን ቁጥር በእርሳስ ደብተራቸው ላይ ሲያሰፍሩ አይቻለሁ። ደብተሩ ሲሞላ ቢሮ ይደርሳል፣ ቁጥሩ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም አንድ ተመራማሪ መጥቶ «በነሐሴ ወር ከፍተኛው ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መረጃው በቦታው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ጥያቄው ይመጣል፣ መልሱን ይዞ ይሄዳል። ኤድጋር ኮድ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970 ካቀረበው የሠንጠረዥ ሞዴል ወዲህ የምናውቃቸው ዳታቤዞች የተሠሩት በአብዛኛው በዚህ ሥርዓት ነው።

አሁን በሰሌዳው ፋንታ ከፍታውን በየሰዓቱ በሞባይል ኔትዎርክ የሚልክ መሣሪያ ተተክሏል እንበል፤ እንዲህ ሳያቋርጥ የሚመጣው መረጃ «የመረጃ ጅረት» ይባላል። ጥያቄውም «ውኃው በ3 ሰዓት ውስጥ 50 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ በጨመረ ጊዜ ሁሉ አስታውቀኝ» የሚል ይሁን። ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የሚያልፈው መረጃው ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች «ዘላቂ ጥያቄ» የሚሉት ይህንን ሲሆን፣ ሐሳቡ ስሙን ይዞ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1992 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ነበር፤ በዚያ የተሠራው ታፔስትሪ የተባለ ሥርዓት የሚመጡ ኢሜይሎችንና ጽሑፎችን ተጠቃሚው አስቀድሞ ባስቀመጠው ጥያቄ ያጣራ ነበር። የጥያቄውና የመረጃው ቦታ መለዋወጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የምጽፈው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

በጎጃም «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። የመረጃ ጅረትም ማደሪያ የለውም፤ ማብቂያም የለውም። ማብቂያ የሌለውን ነገር ደግሞ «ከፍተኛው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ነገ የሚመጣው ከዛሬው ሊበልጥ ይችላልና። የተገኘው መፍትሔ «መስኮት» ይባላል፦ ጅረቱን በሙሉ ሳይሆን ያለፉትን 3 ሰዓታት ብቻ፣ ወይም የመጨረሻዎቹን 100 ንባቦች ብቻ እንመለከታለን፣ ጊዜው በገፋ ቁጥርም መስኮቱ አብሮ ይንሸራተታል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጄኒፈር ዊዶምና ባልደረቦቿ የቀረጹት ሲኪውኤል የተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ይህን በሦስት እርምጃ ያደርገዋል። መስኮቱ ጅረቱን ለጊዜው ወደ ሠንጠረዥ ይለውጠዋል፤ ሠንጠረዡ በተለመደው መንገድ ይጠየቃል፤ በመልሱ ላይ የታየው ለውጥ ደግሞ ተመልሶ ጅረት ይሆናል። የዚህ ቋንቋ ውበት አዲስ ነገር ለመፍጠር አለመቸኮሉ ነው፤ የድሮውን የሠንጠረዥ ዕውቀት እንዳለ አስቀምጦ መግቢያና መውጫ በር ብቻ ሠራለት።

መስኮት በማይበቃበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለፉትን የተለያዩ ነገሮች ብዛት ማወቅ ሲያስፈልግ፣ በጥቂት ማኅደረ ትውስታ ግምታዊ መልስ የሚሰጡ ስልቶች አሉ። በዚህ ዘርፍ አሎን፣ ማቲያስና ሴጌዲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንድፈ ሐሳባዊ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚሰጠውን የጎደል ሽልማት አግኝቷል።

እስካሁን ያየነው መጠየቅን ብቻ ነው። የቀበሌ አስተዳዳሪ ግን ሴንቲሜትር አይፈልግም፤ የሚፈልገው «የትኛው መንደር ሰውና ከብቱን ያውጣ?» የሚለውን መልስ ነው። ይህ መልስ ከመሣሪያው በሚመጣው ቁጥር ውስጥ የለም። የሚገኘው ቁጥሩ ቀድሞ ከተቀመጠ ዕውቀት ጋር ሲገናኝ ነው፦ ይህ ጣቢያ በግልገል አባይ ላይ ነው፤ ግልገል አባይ ወደ ጣና ይፈስሳል፤ እነዚህ መንደሮች ከጣቢያው በታች በረባዳ መሬት ላይ ናቸው፤ ወንዙ በፍጥነት ከጨመረ ከታች ያሉ ረባዳ መንደሮች ለአደጋ ይጋለጣሉ። እንዲህ ያለው ዕውቀት በኮምፒውተር ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ባለቤት፣ ማሰሪያና ተሳቢ ባለው አጭር ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል፤ በጅረት ላይ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጊዜው ይታተምበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤማኑኤሌ ዴላ ቫሌ፣ ስቴፋኖ ቼሪ፣ ፍራንክ ቫን ሃርሜለንና ዲተር ፌንዝል ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዝግታ በሚለወጥ ዕውቀት ላይ የተገነባው የአመክንዮ ጥናት በፍጥነት ለሚለወጥ መረጃ እንዲበቃ ጥሪ አቀረቡ። በሚላን ፖሊቴክኒክ የተሠራው ሲ-ስፓርክል፣ እንዲህ ያሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ለመጠየቅ የሚያገለግለውን ስፓርክል የተባለ ቋንቋ በመስኮትና በዘላቂ ጥያቄ አስፋፍቶ ከዚህ ዘርፍ ቀዳሚ መሣሪያዎች አንዱ ሆነ።

የነገሩ አስቸጋሪ ክፍል ድምዳሜ ማውጣቱ አይደለም፤ የወጣውን ድምዳሜ መቼ መሰረዝ እንደሚገባ ማወቁ ነው። ለምሳሌ ያህል በወሰድኋቸው ቁጥሮች እንየው። መሣሪያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ 1.80 ሜትር፣ 2 ሰዓት ላይ 1.84፣ 3 ሰዓት ላይ 2.10፣ 4 ሰዓት ላይ 2.35 ላከ። 4 ሰዓት ላይ ከ1 ሰዓቱ ንባብ ጋር ሲነጻጸር ጭማሪው 55 ሴንቲሜትር ነውና «መንደሩ አደጋ ላይ ነው» የሚለው ድምዳሜ ይወጣል። ይሁንና የ1 ሰዓቱ ንባብ የ3 ሰዓታት ርዝመት ባለው መስኮት ውስጥ የሚቆየው እስከ 4 ሰዓት ድረስ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲወጣ በእርሱ ላይ የቆመው ድምዳሜም አብሮ መውደቅ ነበረበት። ነገር ግን የ2 ሰዓቱም ንባብ አለ፦ ከ1.84 እስከ 2.35 ያለው ጭማሪ 51 ሴንቲሜትር ነው፣ ይህ ንባብ ደግሞ እስከ 5 ሰዓት ይኖራል። ስለዚህ ድምዳሜው እስከ 5 ሰዓት ይጸናል።

ሁሉንም ነገር በየሰዓቱ ከመጀመሪያው ማስላት ይቻላል፣ ግን ያባክናል። እ.ኤ.አ. በ1993 የቀረበው የታወቀ ስልት መሠረቱ የተነቀለበትን ድምዳሜ ሁሉ በጅምላ ይሰርዝና በሌላ መንገድ የሚጸናውን መልሶ ያወጣዋል። የሚላኖቹ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረቡት ግን መስኮቱ የሚሰጠውን ዕድል ይጠቀማል፤ በመስኮት ውስጥ የገባ ነገር መቼ እንደሚወጣ ገና ሲገባ ይታወቃልና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድምዳሜ የማብቂያ ሰዓት ይጻፍለታል፦ ከመነሻዎቹ መካከል ቀድሞ የሚያበቃው የድምዳሜውም ማብቂያ ይሆናል፤ በሁለት መንገድ ከተገኘ ደግሞ ከሁለቱ የዘገየው ይወሰዳል። ከላይ በምሳሌው 4 ሰዓትንና 5 ሰዓትን አግኝተን 5 ሰዓትን የመረጥነው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን መረጃው በጊዜው ከደረሰ ነው። ክረምት ሲበረታ ኔትዎርክ ይቋረጣል፤ የ2 ሰዓቱ ንባብ 5 ሰዓት ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የተከሰተበትን ሰዓትና መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት ለይቶ መያዝ ግዴታ ነው። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ዳታፍሎው በተባለው ሞዴል ውስጥ ዋና ቦታ የያዘው ወተርማርክ «እስከዚህ ሰዓት ድረስ የተከሰተው ሁሉ ደርሷል ተብሎ ይታሰባል» የሚል ምልክት ነው። የመተላለፊያው ጠባይ በማይታወቅበት ቦታ ግን ይህ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ምልክቱን ብናፈጥነው የዘገየው ንባብ ያመልጠናል፣ ብናዘገየው ማስጠንቀቂያው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ዝምታው ነው። «ጭማሪ አልተዘገበም፣ ስለዚህ መንደሩ ደኅና ነው» የሚል ሕግ የሚጽፍ ሰው፣ መልእክት አለመምጣቱን ከጎርፍ አለመኖር ጋር አንድ ያደርጋል፤ ሌሊት ባትሪው ያለቀበት መሣሪያም ሆነ ደራሽ ውኃ የወሰደው መሣሪያ አንድ ዓይነት ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ድምዳሜ ያስፈልጋል፦ ከአንድ ጣቢያ በ2 ሰዓት ውስጥ ምንም ንባብ ካልደረሰ፣ ከበታቹ ያሉት መንደሮች «ደኅና» ከሚለው ዝርዝር ወጥተው «አይታወቅም» ወደሚለው ይገባሉ፣ አንድ ሰውም ወደ ድልድዩ ወርዶ ሰሌዳውን በዓይኑ ያነባል።