አዲስ ዘፈን በኢንተርኔት ዘመን እንዴት ይገኛል?

አዲስ ሙዚቃ መፈለግ ማለት ሰምተነው የማናውቀውን፣ ብንሰማው ግን የምንወደውን ዘፈን ማደን ነው። «አዲስ» ሲባል ትናንት የወጣው ብቻ አይደለም። ከ50 ዓመት በፊት በሸክላ የታተመ ዘፈንም ዛሬ ገና ለሰማው ሰው አዲስ ነው። ፍለጋው ድሮ በጆሮና በሰው አፍ ነበር። አሁን አብዛኛው በስልክ ሆኗል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በካሴት ዘመን ሥራው የሙዚቃ ቤቶች ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ቤቶች ስፒከራቸውን ወደ መንገድ አዙረው አዲሱን ካሴት ይለቁት ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ «ይሄ የማነው?» ይላል። ባለሱቁ ደንበኛውን ስለሚያውቅ «እንትናን ከወደድክ ይሄንን ስማው» ይለዋል። ትልልቅ አልበሞች የሚወጡት ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ መዳረሻ ስለነበር፣ ሰው መቼ ጆሮውን እንደሚጥል ያውቃል። የቀረውን ሬዲዮው፣ ሚኒባሱና ከጎረቤት የሚሰማው ቴፕ ያደርሱለታል። ጓደኛሞች ካሴት ይዋዋሳሉ፣ ባዶ ካሴት ላይም ይገለብጣሉ።

ብዙም የማይነሳው የካሴቱ ሽፋን ነው። ሽፋኑን ስትገልጡ በደቃቅ ጽሑፍ የእያንዳንዱ ዘፈን ግጥም የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ። ያቺ ወረቀት መንገድ መሪ ነበረች። አንድ ዜማ ልባችሁን ከነካው የደራሲውን ስም ይዛችሁ ሌላ ድምፃዊ ጋ ትሄዳላችሁ። ከዚያም ወደ ሌላ። ኢንተርኔት ብዙ ሰጥቶናል። ይህችን ወረቀት ግን ወስዶብናል፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው።

በዓለም ደረጃ ለውጡን ያስጀመረው በ1999 የመጣው ናፕስተር ነው። ሰዎች በኮምፒውተራቸው ያለውን ዘፈን ለማያውቁት ሰው ያካፍሉበት ነበር። የፈለጉትን ዘፈን ካገኙ በኋላ፣ ያ ሰው ሌላ ምን እንዳለው መጎርጎርም ይቻል ነበር። የባለመብቶቹ ክስ በርትቶበት በ2001 ተዘጋ። ዩቲዩብ በ2005 ሲመጣ ደግሞ ማውረድ እንኳ ሳያስፈልግ መስማት ተቻለ። ለአማርኛ ሙዚቃ ትልቁ ሱቅ የሆነው እሱ ነው። እንደ ሆፕ ሙዚቃና ናሆም ሪከርድስ ባሉ ቻናሎች የሚለቀቅ ነጠላ ዜማ አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም በአንድ ሰዓት ይደመጣል። ድሮ ውጭ አገር ያለ ሰው ካሴት የሚደርሰው መንገደኛ ሲገኝ ነበር። ቴሌግራም ላይ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ቲክቶክ ላይ አዝማቿ ብቻ ተቆርጣ ትመጣና ሙሉውን ዘፈን ፍለጋ ትልከናለች።

ማሽኑ፣ ማለትም ዘፈን የሚመርጥልን ፕሮግራም፣ «ይሄን ትወደዋለህ» የሚለን በምን አውቆ ነው? አንዱ ዘዴ የሰው ጆሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2000 የተጀመረውና ኋላ ፓንዶራ የተባለውን ሬዲዮ የወለደው ሥራ ሙዚቀኞችን ቀጥሮ ዘፈን ያሰማ ነበር። እነሱም የድምፁን ዓይነት፣ ምቱን፣ መሣሪያዎቹን እያዩ እስከ 450 በሚደርሱ መለያዎች ይመዘግባሉ። ግሩም ሥራ ነው፣ ግን አዝጋሚ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ስለ ሙዚቃ ምንም ማወቅ አይፈልግም። አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ አስቡ። በቁመቱ አድማጮች፣ በወርዱ ዘፈኖች ተደርድረዋል። እኔና አንድ የማላውቀው ሰው 20 ተመሳሳይ ዘፈን ሰምተን ከሆነ፣ እሱ የሰማው 21ኛው ለእኔም ይቀርብልኛል። በ2002 ለንደን ላይ የተጀመረው ላስት ኤፍ ኤም የተባለ የሙዚቃ ድረ ገጽ በዚህ ታወቀ። የሙዚቃ ማድመጫው መተግበሪያ ስፖቲፋይም ከ2015 ጀምሮ በየሰኞው ለእያንዳንዱ አድማጭ የሚያቀርባቸው 30 ዘፈኖች በአብዛኛው የዚህ ሐሳብ ፍሬ ናቸው። ድምፁን ራሱን መርምሮ ምቱንና ፍጥነቱን የሚለካ ፕሮግራምም አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከሰንጠረዡ ጋር ተጣምሮ ነው።

ሰንጠረዡ ሰው ያልሰማውን ዘፈን አያውቅም። ትናንት የወጣ የጀማሪ ድምፃዊ ሥራ፣ ወይም አንድ ሰው ከቤቱ ካሴት ገልብጦ የጫነው የ1980ዎቹ ዘፈን በሰንጠረዡ ላይ ዓምዱ ባዶ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ብዙ ሰው የሰማውን ደጋግሞ ያመጣል። አንድ የአማርኛ ዘፈን ስትከፍቱ ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የሰሞኑ ሂት የሆነው ለዚህ ነው። የአምባሰልን ቅኝት ወድዶ ሌላ አምባሰል የሚፈልግ ሰው በዚህ መንገድ ብዙ ይደክማል። የዘፈን መግቢያም ነገር አለ። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው ቢያንስ 30 ሰከንድ ሲሰማ ነው። ከድሮ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት በፊት ሳክስፎኑና ኪቦርዱ ረጅም መግቢያ ይጫወቱባቸዋል። ያ መግቢያ የዘፈኑ ግርማ ነው። ቸኩሎ የሚያልፈው ሰው ግን ለማሽኑ «አልወደድኩትም» እንዳለ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የስም ነገር ነው። ጥላሁን ገሠሠን አንዱ በ«ሠ»፣ ሌላው በ«ሰ» ይጽፈዋል። ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለማሽን ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲሆንማ አጻጻፉ ማለቂያ የለውም። ፈረንሳይ የታተሙት አልበሞች በፈረንሳይኛ ወግ፣ አሜሪካ የታተሙት በእንግሊዝኛ ወግ ይጽፉታል። የአንድ ድምፃዊ ሥራ በሁለት በሦስት ስም ተበታትኖ ይቀራል። «ትዝታ» ብላችሁ ፈልጉ እስቲ። የቅኝቱም ስም ነው፣ የስንትና ስንት ድምፃዊ ዘፈን ርዕስም ነው። ግጥምና ዜማ የሠሩት ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጠቀሱም።

ማሽኑ ያልደረሰበትን ሰው ይደርስበታል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ የድሮ ሸክላዎቻችንን በሲዲ አሳትሞ ለዓለም ጆሮ አበቃቸው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ በ2006 የተከታታዩ 21ኛ ሆኖ ወጣ። እማሆይ ኢየሩሳሌም በገዳም ሆነው በ2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ፒያኗቸው አማርኛ በማይሰሙ ሰዎች ጭምር የሚወደድ ሆኖ ነበር።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ሁሌም ይገርመኛል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የአፍሪካ ካሴቶችን ሰብስቦ በኢንተርኔት የሚያሰማው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ስሙን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ፈለገው፣ ስልኩን አግኝቶ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። ካሴት የሚሸጥበት ሱቅና የሽፋኑ ስም ባይኖሩ ኢንተርኔቱ ብቻውን እዚህ አያደርስም ነበር።

ስለዚህ የምመክረው ፍለጋ በአቀናባሪ ስም መሄድን ነው። ኤልያስ መልካን ውሰዱ። የዘሪቱ ከበደን፣ የእዮብ መኮንንንና የሚካያ በኃይሉን የመጀመሪያ አልበሞች ያቀናበረው እሱ ነው። ሦስቱ ድምፆች አይመሳሰሉም። አንዷን የወደደ ሰው ግን በቅንብሩ በኩል ሁለቱን ያገኛል። አንዳንድ ቻናሎች ከቪዲዮው ሥር ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ እያሉ ስሞቹን ይዘረዝራሉ። ያቺን ዝርዝር ገልጣችሁ አንብቡ። የድሮ ካሴት ቤታችሁ ካለና ልትጭኑት ካሰባችሁ፣ ከድምፁ ጋር የሽፋኑን ፎቶም በሁለቱም ገጽ አንስታችሁ አያይዙት።