ጀማሪ የምርምር ረዳት በእንስሳት ፊዚዮሎጂ ላብራቶሪ

የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ላብራቶሪ የከብት አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚለካበት ቤት ነው። ከደሟ ስንት እጁ ቀይ ሕዋስ ነው? ጨጓራዋ የጤፍ ጭድ ለመፍጨት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ጊደሯ በእርግጥ ደርታለች ወይስ ጠባቂው መስሎት ነው? ጥያቄውን የሚያነሳው ተመራማሪው ነው። ደሙን የሚቀዳው፣ ጭዱን የሚመዝነው፣ ገና ሳይነጋ በረት የሚገኘው ደግሞ ጀማሪው ረዳት ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በቢሾፍቱና በሆለታ ላይ ነው። ሐረማያ፣ ሐዋሳና ጎንደርም የእንስሳት ላብራቶሪ አላቸው። እኔ ቀርቤ የማውቀው ግን ቢሾፍቱንና ሆለታን ስለሆነ ሚዛኑ ወደእነሱ ማጋደሉ አይቀርም።

ስያሜና ቅጥር

የመደቡ ስም ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል። አንዱ «ቴክኒካል አሲስታንት» (ባጭሩ ቲኤ) ይላል፣ ሌላው «የላብራቶሪ ቴክኒሻን»፣ ሌላው «ጀማሪ ተመራማሪ»። ሥራው ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው በእንስሳት ሳይንስ፣ በእንስሳት ሕክምና፣ በባዮሎጂ ወይም በላብራቶሪ ቴክኖሎጂ ዲፕሎማ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍም ግድ ሆኖበታል። ማስታወቂያው ላይ «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ከተገኘ ሰልፉ ይረዝማል።

ቅጥሩ ቋሚ ወይም ኮንትራት ነው። ቋሚው ደሞዙ ቀጭን ነው፣ ግን ይቆያል። የፕሮጀክት ኮንትራት ሻል ያለ ይከፍላል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የመስክ ውሎ አበል ሲጨመርበት የወሩ ሒሳብ ትንሽ ይተነፍሳል። ስለዚህ መስክ ሲባል ማንም እምቢ አይልም፣ የቆላ ዝንብ ያለበት ጊቤ ሸለቆም ቢሆን።

ታሪክ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950ዎቹ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ ድጋፍ ተከፈተ። በ1964 ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በቢሾፍቱ ተቋቋመ፣ በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት። በ1979 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ እዚያው ቢሾፍቱ፣ ያኔ ደብረ ዘይት በምትባለው ከተማ፣ ሥራ ጀመረ።

ታሪኩ የሚደምቀው ግን ኢልካ ከመጣ በኋላ ነው። ኢልካ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ማዕከል፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ደብረ ዘይት ላይም የምርምር ጣቢያ ነበረው። በ1994 ናይሮቢ ከነበረው አቻው ጋር ተዋህዶ የዛሬው ኢልሪ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሆነ። በመካከል ያሉት 20 ዓመታት ለሀገራችን የፊዚዮሎጂ ረዳቶች ወርቃማ ዘመን ነበሩ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የዚያ ዘመን ትልቁ ርዕስ የበሬ ጉልበት ነበር። ማረሻ ጥማድ በሬ ይፈልጋል። ብዙ ገበሬ ግን ያለው አንድ በሬ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም። ያለው ምርጫ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ነበር። ኢልካ ለአንድ በሬ የሚሆን ቀንበር ሞከረ። ውኃ ለሚተኛበት መረሬ አፈር ደግሞ ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ አበጀ። ይህ ሁሉ ልኬት ይጠይቃል። በማረሻውና በቀንበሩ መሃል የኃይል መለኪያ ይገባል። ረዳቱ ሰዓት ይዞ በትልሙ ላይ ከበሬው ጎን ይሄዳል። በሬው በቆመ ቁጥር የልብ ምት ይቆጥራል፣ ትንፋሽ ይቆጥራል፣ ሙቀት ይለካል። በሬ ሳይጎዳ ለሰዓታት ሊጎትት የሚችለው ከክብደቱ 10 በመቶ አካባቢ እንደሆነ በሙያው የታወቀ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 30 ኪሎ ያህል ጉተታ ማለት ነው። አራሹ ይህንን ያለ መለኪያም ያውቀዋል፤ በሬው ምላሱን ሲያወጣ ይፈታዋል።

በ1989 ሆለታ ላይ የተጀመረው የላሞቹ ሙከራ ደግሞ ዛሬም ያከራክራል። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የምትታለብ ላም ታርስ ይሆን? ፍሪዥያን ወይም ሲመንታል ከቦረና የተዳቀሉ ላሞች በአራት ቡድን ተከፈሉ። የምታርስና ተጨማሪ መኖ የምታገኝ፣ የምታርስና የማታገኝ፣ የማታርስና የምታገኝ፣ የማታርስም የማታገኝም። በየጊዜው ክብደታቸው፣ ወተታቸውና የመራቢያ ሆርሞናቸው ተለካ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ተጨማሪ መኖ ካገኘች አርሳም ትታለባለች። ሳይጨመርላት ካረሰች ግን ዳግም ለመድራት በጣም ትዘገያለች። አሠራሩ ገበሬው ዘንድ ሰፊ ቦታ አላገኘም። የመኖው ዋጋ ነው የሚሉ አሉ። ላም መጥመድ ነውር ስለሚመስል ነው የሚሉም አሉ። በእኔ ግምት ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ ሳይንሱ ግን አልተሳሳተም።

በስምጥ ሸለቆው የአበርኖሳ ከብት እርባታ ላይ የተደረገው የውኃ ጥናትም አይረሳም። የቦረና አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን በሦስት ቀን አንዴ ያጠጣል። ጥናቱ እንዳሳየው ዜቡዎቹ (ሻኛ ያላቸው ከብቶች) በዚህ ሥርዓት በጠቅላላው ጥቂት ይጠጣሉ፣ መኖም ይቀንሳሉ፣ ሽንታቸው ይወፍራል፣ እበታቸው ይደርቃል፤ የምርት ጉዳቱ ግን ከተፈራው ያነሰ ነበር። በሌላ አነጋገር ላብራቶሪው ቱላ በሚባለው የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ላይ የሚታወቀውን ነገር በቁጥር ጻፈው።

ጊቤ ሸለቆ ላይ ደግሞ ከ1986 ጀምሮ በየወሩ የከብት ደም ይወሰድ ነበር። ምክንያቱ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ነው። ከጆሮ ጫፍ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ደም ይቀዳል፣ በጄነሬተር በሚሠራ ሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል። የቀይ ሕዋሱ ድርሻ ከ25 በመቶ በታች ከወረደ ከብቱ ይጠረጠራል። ሸኮ የሚባለው ዝርያ በሽታውን ይቋቋማል የሚለው አባባል እስካሁን ሙሉ ስምምነት የለውም።

ከ1994 ወዲህ ትኩረቱ ወደ ዘረመልና ወደ መኖ ሰንሰለት አዘነበለ።

ደም መውሰድ

ጀማሪው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው ክራሽ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ አጠገብ ነው። ከብቷ ትገባለች፣ ከፊትና ከኋላ ይዘጋባታል፣ ጭንቅላቷ ይያዛል። የሚይዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠባቂው ጋሼ ነው። ዲግሪ የለውም፣ ግን የትኛዋ እንደምትራገጥ ያውቃል። ከእሱ ጋር ያልተስማማ ረዳት ቀኑ አይሳካለትም።

ደም የሚቀዳው ከአንገት ወይም ከጅራት ደም መልስ ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ አለው። አረንጓዴው ሄፓሪን ነው። ቀዩ ባዶ ነው፤ ደሙ ረግቶ ሴረም የሚባለው ጠራ ያለ ፈሳሽ እንዲወጣ። ቱቦው በቀስታ ይገለበጣል እንጂ አይናጥም። ከተናጠ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ ፕላዝማው ይቀላል፣ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ ተለይቶ፣ ተከፋፍሎ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ይገባል።

የላም ሙቀት 38.5 ዲግሪ አካባቢ፣ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ነው ይላል መማሪያው። መማሪያው በአብዛኛው ለፈረንጅ ላም የተጻፈ ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ሆለታ 2,400 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከፍታ ላይ ያለ ከብት ቀይ ሕዋሱ ይበዛል። ውኃውም ቢሾፍቱ ላይ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ነው። በመመሪያው ላይ «100 ዲግሪ» የሚል ያየ ጀማሪ ምጣዱን ሳይሆን አየሩን ይውቀስ።

የጨጓራ ሥራ

ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ፊስቱላ ያለውን በሬ ነው። ጎኑ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ በጎማ ክዳን ተዘግቷል። በሬው ይበላል፣ ያመሰኳል፣ ለዓመታት ይኖራል። ረዳቱ ረጅም ጓንት አጥልቆ እጁን እስከ ብብቱ ያስገባል። መኖ የታሸገባቸው ትንንሽ የናይለን ከረጢቶች ጨጓራው ውስጥ ይንጠለጠላሉ። በ6፣ በ12፣ በ24፣ በ48 ሰዓት ይወጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይመዘናሉ። የጎደለው ተፈጭቷል ማለት ነው። ፋጉሎ ቶሎ ይጠፋል። ጭድ ተጣብቆ ይቀራል። ጓዳ ውስጥ ሽንፍላ ያጠበ ሰው ከረጢት ማጠብ አይከብደውም፤ ሽታው ግን ገላ ታጥቦም አብሮ ታክሲ ይሳፈራል።

የመኖው ፕሮቲን የሚለካው ኬልዳል በ1883 ባወጣው ዘዴ ነው። ናሙናው በትኩስ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጫል፣ ናይትሮጂኑ ይለካል፣ በ6.25 ይባዛል። ከፉርሽካ እስከ ድርቆሽ ሁሉም በዚህ ያልፋል። አሲዱ ቀልድ አያውቅም። ጋዋኑ ቀዳዳ የሌለው ቲኤ አዲስ ነው።

ሆርሞንና ሰዓት

ፕሮጄስትሮን የሚባለው የመራቢያ ሆርሞን የላሟን ምስጢር ያወጣል። የድራት ዑደቷ 21 ቀን ገደማ ነው። ስትደራ ሆርሞኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ከቀናት በኋላ ይወጣል፣ ካልፀነሰች ተመልሶ ይወርዳል። ከተዳቀለች ከ21 እስከ 24 ቀን ባለው ጊዜ ወተቷ ውስጥ ዝቅ ብሎ ከተገኘ አላረገዘችም። ቀድሞ የሚለካው በጨረር በሚሠራው ሬዲዮኢሚውኖአሴይ ነበር፤ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) እና የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የጋራ ክፍል ለአፍሪካ ላብራቶሪዎች ኪት ያቀርብ ነበር። አሁን በቀለም ለውጥ የሚለካው ኤላይዛ ይበዛል፤ ጨረር የለበትም።

እዚህ ላይ ትልቁ ጠላት ሰዓታችን ነው። ረዳቷ ቱቦው ላይ «2፡00» ብላ ትጽፋለች። እሷ ጠዋት ማለቷ ነው። ውጭ ሀገር ዳታውን የሚተነትነው ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። እንደ ኮርቲሶል ያለ ከጠዋት እስከ ማታ የሚለዋወጥ ሆርሞን ሲሆን ጥፋቱ ከባድ ነው። የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ፦ ጳጉሜን የሚባል ወር ኮምፒውተሩ አያውቅም። ስለዚህ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የጆሮ ቁጥር፣ ሁሉም በማይለቅ እስክሪብቶ፣ በአንድ አቆጣጠር፣ ደም ከመቀዳቱ በፊት ይጻፋል።

ሁለተኛው ጠላት መብራት ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ። ጄነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት የሦስት ወር ሴረም ውኃ ሆኖ ጠበቀኝ። ተረኛው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በላብራቶሪው በኩል አልፌ መሄድ ልማዴ ሆነ።

አደጋና ሥነ ምግባር

ርግጫው የሚታይ ነው። የማይታዩት ይከፋሉ፦ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ። በተለይ የእንግዴ ልጅ ያለ ጓንት አይነካም። ዊልያም ረስልና ሬክስ በርች በ1959 ያቀረቧቸው ሦስት መርሆች፣ በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥር መቀነስና ሥቃይ ማቅለል፣ አሁን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፎርም ላይ ይሞላሉ። በተግባር ሥቃዩን የሚያቀልለው መርፌ የያዘው እጅ ነው። መርፌውን አንዴ ብቻ ወግቶ ደም ያገኘ ረዳት ላሟም ታመሰግነዋለች።

ቀጣዩ እርከን

ጽሑፉ ሲታተም የረዳቱ ስም ብዙውን ጊዜ ከምስጋናው ክፍል አያልፍም። ያም ሆኖ ከክራሹ አጠገብ ጀምረው ማስተርስ የያዙ፣ ፒኤችዲ የደረሱ ጥቂት አይደሉም። ሌሎቹ ወደ ቃሊቲው የሰው ሰራሽ ማዳቀል ማዕከል፣ ወደ ክትባት ምርት ወይም ቢሾፍቱን ወደ ከበቧት የዶሮ እርባታዎችና የመኖ ማቀነባበሪያዎች ይሄዳሉ። ሲለቁ የሚያስረክቡት ጋዋን፣ የፍሪጅ ቁልፍ እና የናሙና መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል።