በዩኒክስ ሰርቨር ላይ የሲዲና ዲቪዲ ድራይቭን መለየትና ማውንት ማድረግ

ሲዲ፣ ዲቪዲ ወይም ብሉሬይ የሚያነበው ኦፕቲካል ድራይቭ ዩኒክስ ላይ እንደ ዊንዶውስ «ዲ» ወይም «ኢ» የሚል ፊደል ይዞ ብቅ አይልም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ድራይቩን ሲያገኘው /ዴቭ በሚባለው ዳይሬክተሪ ሥር ስም ያወጣለታል። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል የሚታየው ግን ያ ስም «ማውንት» በሚለው ትእዛዝ ከአንድ ባዶ ዳይሬክተሪ ጋር ሲገናኝ ነው። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው። ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው ስሙን ፍለጋ ላይ ነው፤ ሊኑክስ፣ ሶላሪስ፣ ኤአይኤክስ፣ ኤችፒ-ዩኤክስና ፍሪቢኤስዲ ድራይቭ የሚሰይሙበት መንገድ የየራሳቸው ነውና።

ትእዛዞቹ እዚህ የሰፈሩት በአነጋገራቸው ነው። ሲተየቡ በላቲን ፊደል ነው፤ ዩኒክስ ትልቁን ፊደል ከትንሹ ስለሚለይ፣ «ትልቁ» ካልተባለ በቀር ሁሉም በትንሹ ይተየባል።

ሊኑክስ

የመጀመሪያው ድራይቭ /ዴቭ/ኤስአር0፣ ሁለተኛው ኤስአር1 ይባላል። በአሮጌ ከርነሎች በአይዲኢ ኬብል የተያያዘ ድራይቭ ልክ እንደ ሃርድ ዲስክ ኤችዲሲ ወይም ኤችዲዲ ይባል ስለነበር፣ የቆዩ መመሪያዎች ውስጥ ይህ ስም አሁንም ያጋጥማል። ዛሬ በሳታ መጣ በዩኤስቢ፣ ስካዚ በሚባለው የከርነሉ የዲስክ ንብርብር በኩል ስለሚያልፍ ስሙ ኤስአር ነው። /ዴቭ/ሲዲሮም የሚለው ዩዴቭ (የ/ዴቭን ስሞች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) የሚሠራው ሲምሊንክ፣ ማለትም ወደ ሌላ ስም የሚያመለክት አቋራጭ፣ ብቻ ነው። አንድ ድራይቭ ባለው ማሽን ላይ ይመቻል፤ ሁለት ባለው ላይ ግን ወዴት እንደሚያመለክት ሳያዩ ማመን አይገባም።

ሰርቨር ላይ ደግሞ ሁለት ድራይቭ ማግኘት ብርቅ አይደለም። የዴል አይድራክና የኤችፒ አይሎ የርቀት መቆጣጠሪያዎች ከአስተዳዳሪው ላፕቶፕ የሚላከውን የአይኤስኦ ፋይል (የአንድ ሙሉ ዲስክ ቅጂ) ለሰርቨሩ እንደ ዩኤስቢ ሲዲ ድራይቭ አድርገው ያቀርቡለታል። ሰርቨሩ ሲነሳ ቀድሞ የተገኘው ኤስአር0 ስለሚሆን፣ ትናንት ፊት ለፊት ያለው እውነተኛ ድራይቭ የነበረው ስም ዛሬ የምናባዊው ሊሆን ይችላል። ዲስክ ገብቶ ሳለ «ኖ ሚዲየም ፋውንድ» የሚል መልስ ሲመጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

ለመለየት «ኤልኤስቢኤልኬ» በቂ ነው፤ በዓይነት ዓምዱ ሥር «ሮም» የሚል የተጻፈበት መስመር ኦፕቲካል ድራይቭ ነው። አምራቹንና ሞዴሉን ለማየት /ሲስ/ብሎክ/ኤስአር0/ዲቫይስ ውስጥ ያሉትን «ቬንደር» እና «ሞዴል» የሚባሉ ፋይሎች በ«ካት» ማንበብ ነው። ድራይቩ ዲቪዲ ያነብ ወይም ይጽፍ እንደሆነ /ፕሮክ/ሲስ/ዴቭ/ሲዲሮም/ኢንፎ ይናገራል። ኤፍኤስታብ (የቋሚ ማውንቶች ዝርዝር ፋይል) ውስጥ የሚጻፍ ከሆነ በኤስአር ቁጥር ፈንታ /ዴቭ/ዲስክ/ባይ-አይዲ ሥር ያለውን ረጅም ስም መጠቀም ይሻላል፤ እሱ ከድራይቩ መለያ የተሠራ ስለሆነ ሰርቨሩ ቢነሳ ቢወድቅ አይለወጥም። ምንም ካልታየ ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች) ማየት፣ «ሞድፕሮብ ኤስአር_ሞድ» ብሎ የድራይቩን ሞጁል መጫን፤ ያ ካልሠራ ኬብሉንና ባዮስ ውስጥ የሳታ ፖርቱ መከፈቱን ማረጋገጥ ነው።

ከዚያ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) መብት፦ «ማውንት -ቲ አይኤስኦ9660 -ኦ አርኦ /ዴቭ/ኤስአር0 /ኤምኤንቲ»። «አርኦ» ለማንበብ ብቻ ማለት ነው። ቢተውም ሊኑክስ ዲስኩ የማይጻፍበት መሆኑን አስጠንቅቆ ይቀጥላል፤ ሌሎቹ ዩኒክሶች ግን እንዲህ ታጋሽ ላይሆኑ ይችላሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። ኤፍኤስታብ ላይ «ዩዘር» የሚል አማራጭ ከተጻፈ ፕሮግራም ማስነሳትን የሚከለክለው «ኖኤግዜክ» አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ ዲስኩ ላይ ያለውን የመጫኛ ስክሪፕት ለማስነሳት ሲሞከር «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል፣ ሩትም ቢሆን። ከ«ዩዘር» በኋላ «ኤግዜክ» መጨመር ወይም ስክሪፕቱን በ«ኤስኤች» በኩል ማስነሳት ይፈታዋል።

ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሲስተም

አይኤስኦ 9660 በ1988 የወጣ የሲዲ ፋይል ሲስተም ደረጃ ነው፤ መሠረቱ በ1986 የቀረበው ሃይ ሲየራ ሲሆን፣ ሶላሪስ ፋይል ሲስተሙን እስካሁን ኤችኤስኤፍኤስ የሚለው ከዚያ ወርሶ ነው። ሴክተሩ 2048 ባይት ነው። የመጀመሪያዎቹ 16 ሴክተሮች ለሲስተም የተተዉ ስለሆኑ መግለጫው ከዚያ ይጀምራል፤ ከዜሮ ሲቆጠር 32769ኛው ባይት ላይ «ሲዲ001» የሚል ጽሑፍ ከሌለ ዲስኩ አይኤስኦ አይደለም። ሊኑክስ ላይ «ቢኤልኬአይዲ /ዴቭ/ኤስአር0» ይህን ፈትሾ ይነግራል። የሙዚቃ ሲዲ ከነጭራሹ ፋይል ሲስተም የለውም፤ ስለዚህ ማውንት አይደረግም፤ ድራይቩም አልተበላሸም።

ዲቪዲዎች ብዙውን ጊዜ ዩዲኤፍ የሚባል ሌላ ፋይል ሲስተም ይዘዋል፣ አንዳንዴም ሁለቱንም በአንድ ላይ። የዊንዶውስ መጫኛ ዲቪዲ በአይኤስኦ9660 ማውንት ሲደረግ አንድ «ሪድሚ» ፋይል ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው፤ በ«-ቲ ዩዲኤፍ» ሲደገም ሁሉም ይወጣል። ጥበቃው በጠበቀ ሰርቨር ላይ ግን የዩዲኤፍ ሞጁል ሆን ተብሎ በሞድፕሮብ ደንብ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ «የማላውቀው ፋይል ሲስተም» ሲል የደኅንነት ደንቡን ማየት ያስፈልጋል።

መሠረታዊው አይኤስኦ ስምን በ8 ፊደልና በ3 ፊደል ቅጥያ ይወስናል። ሮክ ሪጅ የዩኒክስን ረጅም ስም፣ የፋይል መብትና ሲምሊንክ ይጨምራል፤ የማይክሮሶፍቱ ጆሊየት ደግሞ እስከ 64 ፊደል በዩኒኮድ ይይዛል። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ዊንዶውስ ላይ በጆሊየት ተቀርጸው ከመጡና ሊኑክሱ ላይ በጥያቄ ምልክት ብቻ ከታዩ፣ ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው «-ኦ አይኦቻርሴት=ዩቲኤፍ8» የሚለው አማራጭ ነው። ዲስኩን በ«ዩማውንት» (ማውንትን በሚፈታው ትእዛዝ) አላቅቆ በዚህ አማራጭ እንደገና ማውንት ማድረግ ይበቃል።

ሶላሪስ

እዚህ ስሙ አድራሻ ነው። /ዴቭ/ዲኤስኬ/ሲ0ቲ6ዲ0ኤስ2 ሲባል ሲ ኮንትሮለሩን፣ ቲ የስካዚ ታርጌቱን፣ ዲ ዲስኩን፣ ኤስ ስላይሱን ያመለክታል፤ ኤስ2 ሙሉው ዲስክ ነው። በአሮጌዎቹ የስፓርክ ማሽኖች ሲዲው የሚቀመጠው በልማድ ታርጌት 6 ላይ ነበር፤ ሁሉም ማሽን ግን ይህን አይከተልም። እርግጠኛው መንገድ «አይኦስታት -ኢኤን» ነው፣ ኢ ትልቁ ሆኖ። ድራይቩ ባዶ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ 18446744073.71 ጊጋባይት የሚል መጠን ሊታይ ይችላል። አያስደነግጥም፤ ከዜሮ በአንድ ያነሰው «-1» የመቀነስ ምልክት እንደሌለው ቁጥር ተነቦ ነው። እንዲያውም ሲዲውን ከሃርድ ዲስኮቹ መሃል በዓይን ለመልቀም ይረዳል።

እስከ ሶላሪስ 10 ድረስ ቮልድ የሚባል ዴሞን (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ዲስኩን ራሱ /ሲዲሮም ሥር ይሰቅላል። በእጅ «ማውንት -ኤፍ ኤችኤስኤፍኤስ -ኦ አርኦ» (ኤፍ ትልቁ) ሲባል «ዲቫይስ ቢዚ» የሚመጣው ድራይቩን እሱ ስለያዘው ነው። መጀመሪያ /ሲዲሮም/ሲዲሮም0 ውስጥ ማየት፤ የግድ በእጅ ከሆነ ሶላሪስ 9 ላይ «/ኢቲሲ/ኢኒት.ዲ/ቮልኤምጂቲ ስቶፕ»፣ 10 ላይ «ኤስቪሲኤድም ዲስኤብል ቮልኤፍኤስ» ማለት ነው።

ሌሎቹ

ኤአይኤክስ ላይ «ኤልኤስዴቭ -ሲሲ ሲዲሮም» (የመጀመሪያው ሲ ትልቁ) ሲዲ0ን ያሳያል። «አቬይለብል» ካለ ዝግጁ ነው፤ «ዲፋይንድ» ካለ ስሙ እንጂ ዕቃው የለም፤ «ሲኤፍጂኤምጂአር» እንደገና ይፈልገዋል። ማውንቱ «ማውንት -ቪ ሲዲአርኤፍኤስ -ኦ አርኦ /ዴቭ/ሲዲ0 /ኤምኤንቲ» ነው። በኤልፓር (አንዱን ማሽን እንደ ብዙ ማሽን በሚከፍለው ዘዴ) በተከፋፈለ ማሽን ላይ ድራይቩ የሚሰጠው ለአንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ክፍል ላይ አለመታየቱ ብልሽት አይደለም። ለማዛወር ከያዘው ክፍል ላይ ከነእናት አዳፕተሩ ማስለቀቅ፣ በማኔጅመንት ኮንሶሉ ማሻገር፣ ከዚያ ተቀባዩ ላይ ሲኤፍጂኤምጂአርን ማስኬድ ነው።

ኤችፒ-ዩኤክስ ላይ «አይኦስካን -ኤፍኤንሲ ዲስክ» (ሲ ትልቁ) ይጠራል፤ መግለጫው ላይ ሲዲ ወይም ዲቪዲ የሚለውን መፈለግ ነው። የፋይል ስሞች ሁሉ በትልልቅ ፊደል፣ መጨረሻቸው ላይ «;1» ተለጥፎ ከታየ፣ «-ኦ ሲዲኬዝ» ያስተካክለዋል። ፍሪቢኤስዲ ላይ «ካምኮንትሮል ዴቭሊስት» ብሎ ሲዲ0ን ማግኘት፣ ከዚያ «ማውንት -ቲ ሲዲ9660»። ከ2012ቱ 9.0 በፊት የአይዲኢ ድራይቭ ኤሲዲ0 ይባል ነበር።

ዲስኩ አልወጣም ሲል

ማውንት ሲደረግ የድራይቩ በር ይቆለፋል፤ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ዋጋ የለውም። «ዩማውንት» «ቢዚ» ካለ አንድ ፕሮሰስ ውስጡ አለ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው ዳይሬክተሪ ውስጥ የቆመ ሼል (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው። ሊኑክስ ላይ «ፊውዘር -ቪኤም /ኤምኤንቲ»፣ ሶላሪስ ላይ «ፊውዘር -ሲ» ያጋልጠዋል። ብዙ ዲስክ ያለው ሶፍትዌር ሲጫን መጫኛውን ከዲስኩ ውጭ ቆሞ በሙሉ ዱካው ማስነሳት የሚመከረው ለዚሁ ነው፤ ዲስኩ ውስጥ ተገብቶ ከተጀመረ ሁለተኛው ዲስክ ሲጠየቅ የመጀመሪያው አይለቅም። «ዩማውንት -ኤል» ስሙን ከዓይን ያጠፋል እንጂ ድራይቩን አያስለቅቅም።

ዲስክ በተደጋጋሚ የሚፈለግ ከሆነ በ«ዲዲ» ወደ አይኤስኦ ፋይል ገልብጦ «ማውንት -ኦ ሉፕ» ማለት ድራይቩን ከነችግሩ ያስቀራል። ሶላሪስ ላይ ይህን የሚሠራው «ሎፊኤድም» ነው፤ ኤአይኤክስ ላይ «ሉፕማውንት»፤ ፍሪቢኤስዲ ላይ «ኤምዲኮንፊግ»። ግልበጣው መጨረሻው ላይ «ኢንፑት/አውትፑት ኤረር» ቢል ወዲያው ዲስኩን መጣል አያስፈልግም፤ በትራክ-አት-ዋንስ (ትራኩ ለየብቻ በሚቀረጽበት ዘዴ) የተቀረጸ ሲዲ መጨረሻው ላይ የማይነበቡ ሁለት ሴክተሮች አሉት። «አይኤስኦሳይዝ» የሚሰጠውን መጠን ከተገለበጠው ፋይል ጋር ማስተያየት ነው፤ ፋይሉ ከዚያ ካላነሰ የጎደለ ነገር የለም።