የቅድመ አያት ዱካ በጣና ዳር

በጣና ዙሪያ የአንድ ተራ ገበሬ ቅድመ አያቱን ሕይወት ለመከተል የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው ስም ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የሚያውቅ ካልነገረው ያበቃል። ወረቀትም እንደልብ አይገኝም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት መዝገብ ቢደነግግም፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

የቀድሞው መዝገብ የሰው አፍ ነበር። አፉን የሚያስከፍተው ደግሞ መሬት ነው። በጎጃምና በበጌምድር ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መውረዱን ቆጥሮ ያሳየ ሰው ድርሻ ይጠይቃል። በእናት በኩል መቁጠርም ይቻላል፤ ሴትም ታወርሳለች። ቆጠራው ከተሰበረ እርሻው ይሄዳል። ስለዚህ በሙግት አደባባይ ትውልዱን ሳይንተባተብ የሚደረድር ሽማግሌ ለዘመዶቹ ትልቅ ሀብት ነበር። ሁሉም እውነቱን ይቆጥር ነበር ማለት ግን አይደለም። ለመሬት ሲባል የተጠጋ አያትም አይጠፋም። ጋብቻም ያግዛል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ስለሚከለከል ከሠርግ በፊት ዘር ይጣራል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ተብሎ ሲታወጅ ርስት ቀረ። የመቁጠሩ ጥቅምም አብሮ ሟሸሸ። ያኔ ለሙግት የደረሰ ጎልማሳ ዛሬ ሰባውን ዘሏል። ቤተ መዛግብት ይጠብቃል፤ ሽማግሌዎቹ ግን አይጠብቁም።

ሽማግሌዎቹ ዘመንን የሚለዩት በደረሰው ነገር ነው። «ክፉ ቀን» ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ረሃብ ነው። «የኅዳር በሽታ» የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው። «ጣሊያን ሲገባ» ካሉ 1928 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እናቴ በኅዳር በሽታ ጊዜ ጡት ትጠባ ነበር ያለ ሰው የልደት ዓመቷን በደህና አጥብቦ ሰጥቷል። ስሙ ራሱም ይናገራል። ማስረሻ ወይም ምትኬ የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ ከሞተ ልጅ በኋላ የተወለደ ነው።

ከጽሑፍ የሚገኘው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ነው። በብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ከነእማኙ ተጽፎ ይገኛል። ችግሩ እዚያ የሰፈረው የክርስትና ስም ሊሆን መቻሉ ነው። ቤተሰቡ የኔነሽ የሚላት ሴት ወለተ ጊዮርጊስ ሆና ትቀርና ልጇ እንኳ አያውቃትም። ስለዚህ መጀመሪያ የክርስትና ስሟን መጠየቅ ይበጃል። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ ፈላጊዋ ሴት ከሆነች ወንድሟን መላክ ግድ ይሆንባታል።

ባሕር ዳር ከተማ ሌላ ነገር ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ሰው ከየአቅጣጫው ገባ። እዚህ የሚረዳው የእድር መዝገብና የሠራተኛ ማኅደር ነው። ከእነሱ የሚፈለገውም አንድ ነገር ነው፦ የትውልድ ቀበሌው።

ነገደ ወይጦ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሉም። በደንገል ታንኳ ሠሪነታቸው የሚታወቁት እነዚህ የሐይቁ ዳር ሰዎች በርስቱ ሥርዓት ድርሻ ስላልነበራቸው፣ ሙግት የሚያስቆጥራቸው ትውልድም አልነበረም። አያታቸውን የሚፈልግ ልጅ መነሻው ታንኳ መሥራት ማን እንዳስተማረ መጠየቅ ነው።