ቦክፊዮርደን፦ በበረዶ ሥር የፈነዱት የስቫልባርድ እሳተ ገሞራዎች

በአርክቲክ ያሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ ስቫልባርድ፣ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በረዶና ነጭ ድብ ነው። እሳተ ገሞራ ማን ያስባል? ግን አለ። ስፒትስበርገን በምትባለው ትልቋ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል፣ ከ79 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በላይ፣ ባሕሩ ቦክፊዮርደን በሚባል ጠባብ ሰርጥ ወደ ተራሮቹ ይገባል። በዚያ አካባቢ ሦስት የከሰሙ እሳተ ገሞራዎች አሉ፦ ስቬረፊየለት፣ ሲጉርድፊየለት እና ሃልቭዳንፒገን። (ስማቸው ምላስ ያጠላልፋል፣ ምን ይደረግ!)

ቦታውን ለዓለም ያስተዋወቁት ኖርዌያውያኑ ጂኦሎጂስቶች አዶልፍ ሁል እና ኦላፍ ሆልተዳል ናቸው፤ ጽሑፋቸው በ1911 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ዋናው ስቬረፊየለት ነው። ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ሲሆን የፈነዳው ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ነው። ያኔ መሬቱ በግግር በረዶ ተሸፍኖ ስለነበር ላቫው የወጣው አየር ላይ ሳይሆን በረዶውን እያቀለጠ በውሃ ውስጥ ነው፤ ለዚህም ነው ዛሬ ድንጋዩ እንደ ትራስ እየተድበለበለ ተደራርቦ የሚታየው። ላቫው ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ማንትል አረንጓዴ ድንጋዮችም ይዞ ወጥቷል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ማንም ቆፍሮ የማይደርስበትን ጥልቀት እዚያ በእጅህ ታነሳዋለህ።

እሳቱ ቢከስምም ውሃው አሁንም ሙቅ ነው። ትሮል እና ዮቱን የሚባሉት ምንጮች ዓመቱን ሙሉ ከማይቀልጥ የበረዶ መሬት መሀል ይፈልቃሉ፣ ኖራማ እርከኖችም ሠርተዋል። ፍል ውሃ ሲባል የአዲስ አበባውን የሚፋጅ ካሰብክ ግን ተሳስተሃል፤ የዚህኛው ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለብ ያለ ብቻ።

ከዚያ የማርስ ጉዳይ መጣ። በ1984 እ.ኤ.አ. አንታርክቲካ ላይ የተገኘ አንድ የማርስ ድንጋይ ውስጥ ጥቃቅን የካርቦኔት (ኖራ መሰል ማዕድን) እንክብሎች ነበሩ፤ በ1996 ናሳ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች «የሕይወት ምልክት ሊሆን ይችላል» ሲሉ ዓለም ተንጫጫ፣ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። በስቬረፊየለት ድንጋዮች ውስጥም በጣም የሚመሳሰሉ እንክብሎች አሉ። ስለዚህ ከ2003 ጀምሮ ተመራማሪዎች የማርስ ፍለጋቸውን እዚህ ይለማመዱ ጀመር፤ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ማዕድን የሚለየው የኪዩሪዮሲቲ (የናሳ የማርስ ተሽከርካሪ ሮቦት) መሣሪያም፣ በ2012 ማርስ ላይ ከማረፉ በፊት፣ የሙከራ ሞዴሉ ወደ ስቫልባርድ ተወስዶ ተፈትሿል።